የአያትን ምንሽር መወልወል፦ አፈሙዙ ሳይዝግ፣ ዒላማው ሳይስት

ካለፈው ክረምት ወዲህ ሦስት ሰው ደውሎልኛል። ሦስቱም የሚሉት አንድ ነው። "በዘይት ወልውዬ ነው ያስቀመጥኩት፤ አሁን ስከፍተው ውስጡ ቀይ ነው።" አንዱ ካዛንቺስ የነበረው ቤታቸው ፈርሶ ኮንዶሚኒየም የገባ ነው፤ የአባቱን ጠመንጃ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አልጋ ሥር አስቀምጦት ነበር። አንዷ አራት ኪሎ የምትኖር ጓደኛዬ ናት። ሦስተኛው አጎቴ ነው። በአጎቴ መሳቅ አልችልም፤ መወልወል ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

ሰዎቹ ሰነፍ ሆነው አይደለም፤ ሁሉም ወልውለዋል። የሳቱት ቅደም ተከተሉን ነው። በአሮጌ ጥይት የተተኮሰ አፈሙዝ ውስጥ ጨው ይቀራል። ጨው ደግሞ በዘይት አይወጣም፤ በውኃ ነው የሚወጣው። ከዚህ ሌላ ብዙ ሰው ዘንጉን ከፊት በኩል እየሰደደ የአፈሙዙን ከንፈር ይሞርደዋል። ከዚያ "ይሄ ጠመንጃ ድሮ አይስትም ነበር" ይባላል።

## ይህ ለማን ነው?

ፈቃድ ላለው ሰው ብቻ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ "የአያቴ ነው" ማለት ብቻውን አያዋጣም። ወረቀቱ ካልተስተካከለ ዘይቱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ፈቃዱን ጨርሱ።

ሌላም ነገር። መሣሪያውን ተሸክማችሁ ዕቃ ልትገዙ መርካቶ እንዳትወርዱ። ልኩን በወረቀት ጻፉና ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ።

## በስም እንስማማ

ከኋላ የሚገፋውንና የሚሳበውን ብረት መዝጊያ እለዋለሁ። ቃታ የሚሉት አሉ፤ ሌላው ደግሞ ጣት የሚያርፍበትን ቃታ ይላል። እንዳንደናገር እሱን ምላጭ ልበለው። ጥይቱ የሚጎርስበት ቦታ ጉሮሮ ነው። እርሳሱ የሚያልፍበትን ረጅም ቱቦ በሙሉ አፈሙዝ እለዋለሁ፤ እርሳሱ የሚወጣበት ጫፉ ደግሞ ከንፈር ነው።

እኛ ቤት ምንሽር የሚባለው ጣሊያን ሠራሹ፣ ባለ 6.5 ሚሊ ሜትሩ ነው። ባለ 7.92 የቤልጂግ ማውዘር ወይም ባለ .303 የእንግሊዝ ሊ ኤንፊልድ ያላችሁም በዚሁ ተጠቀሙ። የሚለያየው የመዝጊያው አወጣጥ ነው፤ ቦታው ሲደርስ ለየብቻ እነግራችኋለሁ።

## ደረጃ 1፦ ዕቃ ማዘጋጀት

ሁሉም ነገር ጠረጴዛ ላይ ሳይቀርብ አትጀምሩ። ውኃ ያለፈበት አፈሙዝ "ዘይቱን ገዝቼ ልምጣ" ቢሉት አይጠብቅም።

- አቡጀዲ፣ ግማሽ ሜትር። አዲስ ከሆነ አንዴ አጥባችሁ አድርቁት፤ የፋብሪካ ሙጫው ካልወጣለት ዘይት አይጠጣም። ለ6.5 ሦስት በሦስት ሴንቲ ሜትር፣ ለሌሎቹ አራት በአራት እያደረጋችሁ ቁረጡ። ሃምሳ ቁራጭ ብዙ አይምሰላችሁ፤ ያልቃል።
- የናስ ዘንግ። ለ6.5 ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር፣ ለሌሎቹ 6። የረጅሙ ምንሽር አፈሙዝ ብቻውን 78 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 1.20 ሜትር ይሁን። ምን አለሽ ተራ ብረት የሚቆርጡት ልጆች ጫፉን እንደ መርፌ ዓይን ይሰነጥቁላችኋል። ስንጥቁ ሹል ጠርዝ እንዳይኖረው በሞረድ አለስልሱት።
- የነሐስ ብሩሽ፣ በአፈሙዙ ልክ። እዚህ ማግኘት ይከብዳል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ልኩን ላኩለት። ከሌለ ጠበቅ ያለ ጨርቅ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይሠራል። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ግን በዘንግ ላይ ጠቅልላችሁ እንዳትሰዱ! ያንን ያደረገ ሰው አውቃለሁ።
- ላምባ እና የስፌት ማሽን ዘይት። ሦስት እጅ ላምባ ከአንድ እጅ ዘይት ጋር ቀላቅሉ፤ ጥቀርሻ የሚያላቅቀው እሱ ነው። ለመጨረሻው ቅብ ዘይቱን ብቻውን እንጠቀማለን።
- የሃይላንድ ጠርሙስ ከመሃሉ የተቆረጠ፣ አፉ ላይ አንድ ክንድ የሚሆን ጎማ የተሰካበት።
- ባልዲ፣ ወፍራም ጓንት፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ስቴኪኒ፣ ለብሎኑ ጥርስ ልክ የሆነ ካቻቪቴ።
- ለእንጨቱ ትንሽ የተልባ ዘይት።

አሁን ደግሞ የማይነኩትን። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጡ አሲድና የብረት ብናኝ አለው። የምግብ ዘይት ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ከስድስት ወር በኋላ መዝጊያው በመዶሻ ካልሆነ አይከፈትም። ቅቤ ውኃ አለው፣ ይበላሻል፣ ይሸታል። አያቶቻችን ይቀቡት ነበር፤ አያቶቻችን ግን በየሳምንቱ ይወለውሉ ነበር። በረኪና ብረት ይበላል፤ አጠገቡም አይድረስ። በቆርቆሮ እየተነፋ የሚቀባው ደብሊው ዲ ፎርቲ ውኃ ለማባረር ጥሩ ነው፤ ለዓመት ማስቀመጫ ግን ስስ ነው።

## ደረጃ 2፦ ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ

ይሄን ደረጃ የሚዘል ሰው ቀሪውን ባያነብ ይሻላል።

1. ልጆችን ከክፍሉ አስወጡ። ጥይት ካለ ሌላ ክፍል ይቆለፍበት። ላምባ ስለምንጠቀም መስኮት ይከፈት። ቡና የሚፈላበት ከሰል እዚያው ክፍል አይኑር።
2. ከንፈሩን ሰው ወደሌለበት፣ ጎረቤትም ወደሌለበት አቅጣጫ አዙሩ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግድግዳው ስስ ነው፤ ይህን አስቡበት።
3. ጣታችሁን ከምላጩ አርቃችሁ መዝጊያውን ወደ ላይ አንሱ፣ ወደ ኋላ ሳቡ።
4. መጋዘኑን፣ ማለትም ጥይቶቹ የሚደረደሩበትን ሣጥን፣ ባዶ አድርጉ። በጣሊያኑ ከምላጩ ፊት ያለችውን ቁልፍ ስትጫኑ ጥይቶቹ አንድ ላይ ከያዛቸው ብረት (ክሊፕ) ጋር ወደ ላይ ይወጣሉ። የሊ ኤንፊልዱ መጋዘን እንዳለ ይወልቃል። በማውዘሩ መዝጊያውን ቀስ ብላችሁ እየመለሳችሁ አንድ በአንድ አውጡ፤ እስከ መጨረሻው ግን አትዝጉት።
5. በዓይን እዩ። ከዚያ ትንሿን ጣት ጉሮሮው ውስጥ አስገብታችሁ ዳስሱ። ዓይን ያታልላል፤ ጣት አያታልልም።

ጥይት ጎርሶ እምቢ ካለስ? አትቀጥቅጡ። በዘንግ ከፊት አትምቱ። ላምባም አታፍሱበት። ከንፈሩን ወደ ደህና አቅጣጫ አድርጋችሁ አስቀምጡትና ፈቃድ የሰጣችሁን ፖሊስ ጥሩ። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

## ደረጃ 3፦ መዝጊያውን ማውጣት

ከኋላ መወልወል የሚቻለው መዝጊያው ሲወጣ ነው። ስለዚህ ይሄን ተማሩ።

ጣሊያኑ፦ መዝጊያውን አንስታችሁ ወደ ኋላ እየሳባችሁ ምላጩን እስከ መጨረሻው ጨብጡ። ተንሸራቶ ይወጣል። ሲመለስም እንዲሁ፤ ምላጩ ተጨብጦ።

ማውዘሩ፦ በግራ በኩል፣ ከኋላ፣ በጣት የሚከፈት ትንሽ ብረት አለ። እሱን ወደ ውጭ ከፍታችሁ ይዛችሁ መዝጊያውን ሳቡ።

ሊ ኤንፊልዱ፦ መዝጊያውን ወደ ኋላ አምጡና የፊቱን ራስ በቀኝ በኩል ወደ ላይ አንሱት፤ ቀጭ ብሎ ሲላቀቅ አውጡት። ቁጥር 4 በሚባለው ሞዴል ላይ ግን መጀመሪያ በቀኝ ያለችውን መያዣ ትጫናላችሁ።

ሲወጣ መዝጊያው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አካሉ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። የወንድማማቾች ሁለት ጠመንጃ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተፈታትቶ መዝጊያቸው ተቀያይሮ አይቻለሁ። መዝጊያ ለአንዱ አፈሙዝ ተለክቶ የተሠራ ነው። ሌላው ላይ ቢገባም ቀለሁን በልኩ ላይዝ ይችላል፤ ያኔ ሲተኮስ ቀለሁ ይቀደድና ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት ይመጣል። ስለዚህ አንድ በአንድ ፍቱ።

በነገራችን ላይ ቁጥሩ ላይ ብርጭቆ ወረቀት አይነካ። ፈቃዱ ላይ ያለው እሱ ነው።

## ደረጃ 4፦ ማየት

ነጭ ወረቀት ጉሮሮው ላይ አድርጉና የስልካችሁን መብራት ወረቀቱ ላይ አብሩ። በከንፈሩ በኩል ተመልከቱ። መስታወት የመሰለ ጥምዝ መስመር ካያችሁ ዕድለኛ ናችሁ። ጥቁር ከሆነ ጥቀርሻ ነው፤ ይወጣል። ቀይ ዝገት ነው፤ አብዛኛው ይወጣል። ትንንሽ ጉድጓድ ካያችሁ ዝገት የበላው ነው፤ አይመለስም። ጉድጓዱን ለማጥፋት የሚፍቅ ነገር አትስደዱ። ጉድጓድ ያለው አፈሙዝ ብዙ ጊዜ ደህና ይተኩሳል፤ የተፋቀ አይተኩስም።

አሁን ወደ ከንፈሩ። የጆሮ ጥጥ ውሰዱና ከውስጥ ወደ ውጭ ዙሪያውን አስኪዱት። ጥጡን የያዘ ቦታ ካለ እዚያ ጋ ከንፈሩ ተጎድቷል። እርሳሱ አፈሙዙን ሲለቅ መጨረሻ የሚነካው ይህን ቦታ ነው። በአንድ በኩል ከተጎዳ ጋዙ በዚያ ቀድሞ ይወጣና እርሳሱን ይገፋዋል። ዒላማ የሚስቱ አሮጌ ጠመንጃዎች ግማሹ ችግራቸው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። በቤት ውስጥ አይጠገንም፤ ተዉት። እናንተ የሚጠበቅባችሁ እንዳይብስ ከኋላ መወልወል ብቻ ነው።

## ደረጃ 5፦ ሙቅ ውኃ

ይሄ ነው ሁሉም የሚፈራው፤ "ብረት ላይ ውኃ?" ይሉኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሮጌ የጦር ሜዳ ጥይት ቀለህ ሥር ያለችው መለኮሻ ፖታሲየም ክሎሬት አለባት። ስትቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ ትሆናለች፤ የገበታ ጨው የቅርብ ዘመድ ማለት ነው። ጨዉ አፈሙዙ ውስጥ ይጋገርና ከአየር እርጥበት ይስባል። ዘይት ስትቀቡበት ጨዉ ከዘይቱ ሥር ተደብቆ ሥራውን ይቀጥላል። አጎቴ ገጠር ሄዶ ሁለት ጥይት ተኮሰ፣ ማታውኑ አሳምሮ ዘይት ቀባ፣ ሐምሌ ላይ ከፈተው። ጨርቁ እንደ በርበሬ ሆኖ ወጣ።

ጥይቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ካላወቃችሁ ጨዋማ ነው ብላችሁ ውሰዱት። መቼ እንደተተኮሰ የማይታወቅ የውርስ ጠመንጃም ከሆነ አንዴ ይታጠብ።

1. አንድ ሊትር ተኩል ውኃ አፍሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ይበቃል። ጀበናውን አትንኩ። እኔ አፉ ቀጭን ነው ብዬ በጀበና ሞክሬ እናቴ አንድ ሳምንት አላናገረችኝም።
2. እንጨቱን በፎጣ ጠቅልሉ። ከንፈሩን ባልዲ ውስጥ አስገቡ፤ የባልዲው ታች ላይ ጨርቅ ይነጠፍ።
3. ጎማውን ጉሮሮው ውስጥ እስኪጠብቅ ድረስ አስገቡ። ውኃ ወደ እንጨቱ እንዳይፈስ ነው።
4. ጓንት አድርጉ። ቀስ ብላችሁ አፍሱ። የመጀመሪያው ግማሽ ሊትር ግራጫ ሆኖ ይወርዳል፤ የመጨረሻው ንጹሕ መሆን አለበት።
5. ጎማውን አውጥታችሁ ወዲያው ደረቅ ጨርቅ ስደዱ፤ ሦስት፣ አራት። ብረቱ ስለጋለ ቀሪው እርጥበት ራሱ ይተናል።
6. የመዝጊያውንም ፊት በሙቅ ውኃ በራሰ የጥርስ ብሩሽ እሹትና አድርቁ። ጨዉ እዚያም ይደርሳል።

ውኃው ቢቀዘቅዝስ? ሌላ አፍሉ። ለብ ያለ ውኃ ጨዉን ያወጣል፤ ብረቱን ግን አያደርቅም። ያልደረቀ አፈሙዝ ደግሞ ዓይናችሁ እያየ ብርቱካን ቀለም ያወጣል።

ውኃ እንጨቱ ውስጥ ከገባስ? ፎጣውን አውጡ፣ ከንፈሩን ወደ ታች አድርጋችሁ ጥላ ቦታ አቁሙት፣ በማግሥቱ ብረቱንና እንጨቱን የሚያገናኘው ዳር ላይ ዘይት ጠብ አድርጉ። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ እንጨቱ ይሰነጠቃል።

## ደረጃ 6፦ ጥቀርሻውን ማውጣት

ከዚህ ወዲያ ትዕግሥት ነው።

1. ላምባና ዘይት በተቀላቀለው ያራሳችሁትን ጨርቅ ከኋላ ወደ ፊት ስደዱ። ከንፈሩን አልፎ ሲወጣ ጨርቁን አውልቃችሁ ዘንጉን ባዶውን መልሱ። የቆሸሸ ጨርቅ ወደ ኋላ አይመለስም።
2. ሩብ ሰዓት ተዉት።
3. ብሩሽ ካለ አርሳችሁ አሥር ጊዜ አመላልሱ። ብሩሹ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ይመለስ። መሃል ላይ አቅጣጫ ከቀየራችሁ ፀጉሩ ይታጠፍና ይቆለፋል።
4. በየመሃሉ ዘንጉን በጨርቅ ጥረጉ። ናስ ለስላሳ ነው፤ አሸዋ ከያዘ እሱ ራሱ ሞረድ ይሆናል።
5. ጨርቅ፣ ጨርቅ፣ ደረቅ ጨርቅ። ከዚያ እንደገና ከአንድ ጀምሩ።

የጨርቁን ቀለም አንብቡ። ጥቁር ጥቀርሻ ነው፤ ቀጥሉ። ቡናማ ዝገት ነው፤ ቀጥሉ። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ከእርሳሱ ልባስ የቀረ መዳብ ነው። ትንሽ መዳብ አይጎዳም፤ በአንድ ቀን ካላወጣሁት አትበሉ። ለሃያ ዓመት ያልተወለወለ አፈሙዝ ሦስት ማታ ሊወስድ ይችላል። ማታ ማታ የላምባውን ቅልቅል ቀብታችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ግማሹ ሥራ ተሠርቶ ታገኙታላችሁ።

ጨርቅ ሁልጊዜ በረዶ መስሎ ካልወጣ ብሎ የሚጨነቅ አለ። ግራጫ ቢጤ ሲሆን አቁሙ። ከመጠን በላይ መፈግፈግም አፈሙዝ ያስረጃል።

ጨርቅ መሃል ላይ ቢቀረቀርስ? ይሄ ሁላችንንም ያጋጥማል፤ ጨርቁ ትልቅ ስለሆነ ነው። ሁለት ሦስት ጠብታ ዘይት በሁለቱም በኩል አድርጋችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ በከንፈሩ በኩል፣ ዘንጉን በጣታችሁ መሃል ላይ ይዛችሁ ጠርዙን ሳትነኩ ወደ ኋላ ግፉት። ከፊት መግባት የምፈቅደው ለዚህ ብቻ ነው። "ተኩሼ ላውጣው" የሚል ምክር ከሰማችሁ ከሰውየው ራቁ። የተዘጋ አፈሙዝ ይፈነዳል።

## ደረጃ 7፦ መዝጊያ፣ ጉሮሮና ብሎን

የመዝጊያውን ፊት በስቴኪኒና በጨርቅ አጽዱ፤ በተለይ ቀለሁን የሚስበው ጥፍር ሥር። እዚያ የተጋገረ ቆሻሻ ጥፍሩ ቀለሁን እንዲለቅ ያደርገዋል። የውስጡን ስፕሪንግ ካላወቃችሁ አትፍቱ። ኃይለኛ ነው፤ ዓይን ያወጣል። በላምባ ነክራችሁ አራግፉት፣ አድርቁት፣ አንድ ጠብታ ዘይት ስጡት። በቃ።

ጉሮሮውን በትልቅ ጨርቅ ደረቅ አድርጉ። ዘይት ያለበት ጉሮሮ ቀለሁ ግድግዳውን እንዳይዝ ስለሚያደርግ ግፊቱ ሁሉ ወደ መዝጊያው ይመጣል።

ከዚያ ብሎኖቹን ፈትሹ። አብዛኛው የድሮ ጠመንጃ ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩ ሁለት ብሎኖች አሉት፤ አንዱ ከመጋዘኑ ፊት፣ አንዱ ከምላጩ ኋላ። እንጨት በበጋ ይጨማደዳል፣ ብሎኑ ይላላል። የላላ ብሎን ባለው ጠመንጃ አምስት ጥይት አምስት ቦታ ይሄዳል። ልክ በሆነ ካቻቪቴ መጀመሪያ የፊቱን፣ ከዚያ የኋላውን አጥብቁ። በጡንቻ ሳይሆን በእጅ አንጓ፤ እንጨቱን እስኪደቁስ አይደለም።

## ስለ ጥይቱስ?

"ቀለህ ሰብስቤ ራሴ ብሞላው ዒላማው አይሻሻልም?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። በሌላ አገር ሰዎች ባሩድ በሚዛን እየለኩ፣ አምስት አምስት ጥይት እየሞከሩ ይሠሩታል። እዚህ ጥይት ማምረት ያለ ፈቃድ ወንጀል ነው። ሕጉ ባይኖርም ምንጩ ካልታወቀ ባሩድ ጋር መጫወት መዝጊያን ወደ ፊት ገጽ መጋበዝ ነው። ተዉት።

የጣሊያኑ ደግሞ የራሱ ተንኮል አለው። 6.5 ይባላል እንጂ ጥምዝ መስመሩን የሚሞላው እርሳስ 6.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሌሎች 6.5 ጠመንጃዎች እርሳስ 6.7 ነው። እዚያ አገርም ልዩነቱን ሳያውቁ ሞልተው "ምንሽር ከንቱ ነው" ያሉ ብዙ ናቸው።

እናንተ ማድረግ የምትችሉት ሌላ ነው። የቀለሁ ሥር ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡና አንድ ዓይነቱን ከአንድ ዓይነቱ ጋር ለዩ። የተቀላቀለ ጥይት የተቀላቀለ ቦታ ይመታል። አረንጓዴ ያወጣ፣ የተሰነጠቀ፣ እርሳሱ የሚነቃነቅ ከሆነ አይተኮስ። "ይገባል" ማለት "የሱ ነው" ማለት አይደለም። በተፈቀደ ቦታ ላይ ስትተኩሱ ቀጭ ብሎ ዝም ካለ ደግሞ ከንፈሩን ከዒላማው ሳታነሱ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። አሮጌ መለኮሻ ዘግይታ ልትነሳ ትችላለች።

## ደረጃ 8፦ እንጨቱ

የተልባ ዘይት በጣታችሁ ጫፍ ጥቂት ወስዳችሁ እሹ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቁ፣ የተረፈውን ሁሉ ጥረጉ። *ሁሉንም።* እኔ መጀመሪያ ጊዜ በደንብ ይጥገብ ብዬ አወፍሬ ቀባሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልደረቀም። የሰፈራችን ቤት የሚፈርስበት ጊዜ ስለነበር አቧራው ሁሉ ተለጠፈበት፤ ጠመንጃው ዳቦ ዱቄት ላይ የተንከባለለ መሰለ።

ጥንቃቄ! የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ራሱን በራሱ ያግላል፤ እሳትም ያስነሳል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት። ቅርጫት ውስጥ አይጣል።

## ደረጃ 9፦ ማስቀመጥ

አንድ ጨርቅ በስፌት ማሽን ዘይት አርሱ፣ ጨምቁ፣ ከኋላ ወደ ፊት አንዴ ስደዱ። የውጭውንም ብረት በዚያው ጨርቅ አብሱ። ስስ ፊልም ነው የምንፈልገው፤ የሚንጠባጠብ አይደለም። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት፤ የጣት ላብም ጨው ነው። አጎቴ ጋ አንድ የአውራ ጣት አሻራ ቁልጭ ብሎ ብረቱ ላይ ዝጎ ቀርቷል። የራሱ ነው።

በብርድ ልብስ፣ በጋቢ ወይም በቆዳ አፎት ጠቅልላችሁ አትተዉት። ጨርቅ እርጥበት ይጠጣል፤ ቆዳ ደግሞ ከተለፋበት ኬሚካል የተረፈው ብረት ይበላል። አየር ባለው የተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ አቁሙት፤ ከተቻለ ከንፈሩ ወደ ታች ይሁን፣ ዘይቱ ወርዶ እንጨቱን እንዳያበሰብስ። መታጠቢያ ቤት የሚዋሰነውን ግድግዳ ሽሹ። ከጫማ ካርቶን የምትወጣዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጣሉበት። መዝጊያውን ሌላ ቦታ ቆልፉ። ጥይቱን ደግሞ ሦስተኛ ቦታ።

በሳምንቱ ደረቅ ጨርቅ ስደዱ። ንጹሕ ከወጣ ጨርሳችኋል። ቡናማ ከወጣ ጨው ቀርቷል ማለት ነው፤ ዘይት አትጨምሩ፣ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በዓመት ሁለቴ ይበቃል፤ ግንቦት መጨረሻ ክረምቱ ሳይገባ፣ እና መስቀል ሲያልፍ።

የመጨረሻው ሥራ ወረቀት ነው። ትንሽ ካርቶን ቁረጡ፣ ቀኑን ጻፉ፣ "ዘይት አለው፤ ሳይደርቅ አይተኮስ" በሉበት፣ የምላጩ መከለያ ላይ በክር እሰሩት። ዘይት ባለው አፈሙዝ የምትወጣ የመጀመሪያዋ ጥይት ከሌሎቹ ተለይታ ነው የምትሄደው። ከዓመት በኋላ ቁም ሣጥኑን የሚከፍተው እናንተ ላትሆኑ ትችላላችሁ።